ከሳፋው አጠገብ የምትቆመው ሴት

በደቡብ አፍሪካዋ ኡምላዚ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀብር አይጠፋም፤ ቀብር ካለ ደግሞ ያቺ ሴት አትጠፋም። መቃብር ግን አትወርድም። ለቀስተኛው ቀብሮ ሲመለስ እጁን የሚታጠብበት ሳፋ አጠገብ፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዛሬ ኖኩቱላ ውሃ አስታጣቢ ነበረችና በቅርብ አየቻት። ለቅሶ ቤት የመጣችው በቢጫ ሹራብ ነው! የሆስፒታል ማስክ ከአገጯ ሥር ረስታለች፤ በእጇ ጫፉ ጥጥ የሆነ ስንጥር ይዛለች።

«እናንተ ወጣቶች፣ በዚህ ጉንጫችሁን ከውስጥ እሹልኝ። የመቅኔ ለጋሾች አገር አቀፍ መዝገብ ውስጥ ትገባላችሁ። ልጄን የደም ካንሰር ይዞታል። የእኔም የእህቶቹም መቅኔ አልገጠመውም፤ የቀረን ባዳ ነው።»

«ምራቃችንን ለማናውቃት ሴት? ያውም በቀብር ቀን!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ለጠንቋይ ልትሸጪን ነው?»

«የእርስዎንማ ማን ፈለገው አባባ፣ አርጅተዋል፤ መዝገቡም አይቀበልዎትም።»

ሰው ሳቀ። ሳቀና እጁን ታጥቦ አለፈ። ሴትየዋ ስንጥሩን እንደዘረጋች ቀረች።

ኖኩቱላን አንጀቷን በላቻት፤ የራሷን አፍ መክፈት ግን ፈራች። እናም ጆጉን አነሳች።

«ነይ እትዬ፣ በይ ታጠቢና ግቢ። እህል ቅመሺ።»

ሴትየዋ እሳት እንደነካው ሰው እጆቿን ከነስንጥሩ ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«አይ እህቴ፣ እሱ ውሃ ለቀበረ ሰው ነው» አለች። «የኔው ገና ይተነፍሳል።»