ሰደርያ ለአሥራ ሁለት ልጆች

የማዕከሉን ሥራ አስኪያጅ መናቅ የጀመርኩት በሐምሌ ወር የፀሐይ ቅባት ይዛችሁ ኑ ያለን ቀን ነው። በሐምሌ፣ ያውም ጅማ ላይ። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው የኦቲዝም ሕክምና ማዕከል በር ላይ «ልዩ የክረምት የውጭ ጨዋታ ፕሮግራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ከሥሩ ወላጆች ለልጆቻቸው ኮፍያ፣ የዋና ልብስና ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት እንዲያሟሉ ይጠይቃል። ወረቀቱን ያነበብኩት ጃንጥላ ዘርግቼ ነው። ሐምሌ በጋ ከሆነበት አገር ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ እንዳለ እንደገለበጠው ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም። አጠገቤ የቆሙት እናቶች ግን ቅባቱ የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ይጠያየቁ ነበር። የምን ፀሐይ ብላ የጠየቀች አንዲት ሴት አልነበረችም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ገዝቼ መጣሁ።

ሰውየው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ጫማውን ጭቃ ነክቶት አያውቅም። በዚያ ግቢ፣ በዚያ ክረምት፣ ጫማው ያልቆሸሸ ሰው ከልጆቹ ጋር እንዳልዋለ ያስታውቃል። ሁላችንም «ዶክተር» እንለው ነበር። ዶክተር አይደለም። መጀመሪያ አካባቢ አንዲት እናት ተሳስታ ዶክተር አለችው፤ አላረማትም። ሌሎቻችን ተከተልን። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ አቶ ይበለው?

ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። አትናገርም። ደስ ሲላት እጆቿን ታርገበግባለች፣ ሲከፋት መሬት ላይ ተዘርራ ትጮኻለች። አንገቷን የሚነካ ነገር አይሆንላትም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገበያው አጠገብ አንዲት ሲንጀር ይዤ ነው የምውለው። የእሷን ልብስ ሁሉ ያለ ኮሌታ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አዙሬ እሰፋላታለሁ። ባሌ በቡና ጭነት መኪና ስለሚመላለስ ከሳምንቱ አብዛኛውን ከእሷ ጋር ብቻችንን ነን። የባሌ ዘመዶች ጅኒ አለባት ይላሉ፣ ጎረቤቶቼ ደግሞ ምንም ሳይሉ ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ሁለቱንም ወገን እንቃለሁ። ግን አንድ የዒድ ቀን እንግዳ ሲመጣብኝ ልጄን ጓዳ አስገብቼ፣ ስልኬን አስይዤ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌባታለሁ። የምንቃቸውን ሰዎች ስቆጥር ራሴን መዝለል አልችልም።

የክረምቱ ፕሮግራም በውኃ ጨዋታ ተጀመረ። ሥራ አስኪያጁ በአየር የሚነፋ ሰማያዊ ገንዳ አምጥቶ ግቢው መሀል አስቀመጠ። ውኃው እንደ በረዶ ነው። ልጆቹን የዋና ልብስ አልብሰው፣ ኮፍያ ደፍተውላቸው፣ ቅባት ቀብተው አንድ በአንድ አስገቧቸው። ከንፈራቸው ሲጠቁር አየሁ። እሱ በረንዳው ላይ ሆኖ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ሳቁ፣ ሳቁ ይላቸዋል። በአምስተኛው ቀን ሦስት ልጆች ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ፣ ገንዳውም ተንፍሶ መጋዘን ገባ። ፎቶው ግን ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

ልጆቹ የራሳቸው የውኃ ጨዋታ ነበራቸው። ከቤቱ ጀርባ ከጣሪያው የሚወርደው አሸንዳ አንድ አሮጌ በርሜል ላይ ይፈስሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ልጄ እዚያ ሄዳ መዳፏን ከውኃው ሥር ትዘረጋለች፣ ታነሳለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። ሌሎቹም ይከተሏታል። ሥራ አስኪያጁ ልብስ ይረጥባል ብሎ ቦታውን በቆርቆሮ አሳጠረው። ከዳውሮ የመጣች አንዲት ሞግዚት ነበረች፤ ጴንጤ ናት፣ ሥራ ስትሠራ ሁሉ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እሱ ስብሰባ አለኝ ብሎ በባጃጅ ሲወጣ ቆርቆሮውን ወደ ጎን ትገፋውና ልጆቹን ታሳልፋቸዋለች። ሲመለስ ጸጉራቸውን ጠራርጋ አስቀምጣቸዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ሕክምና የሚባል ነገር ካየሁ ያንን ነው ያየሁት፤ ሞግዚቷ ደግሞ የጽዳቱንም ሥራ ደርባ የምትሠራ ነበረች።

ወሩ ሳይጋመስ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ማዕከሉን የሚረዱ ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶኝ ልጆቹን ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማ ወደሚገኝ የቡና ማሳ ለሽርሽር እንደሚወስድ፣ እንግዶቹም አብረው እንደሚሄዱ ነገረኝ። ለአሥራ ሁለቱም ልጆች ብርቱካናማ ሰደርያ እንድሰፋ ፈለገ፤ ደረቱ ላይ የማዕከሉ ዓርማ፣ አንገቱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ኮሌታ። በፎቶ ላይ ኮሌታ ያምራል አለኝ። የእኔ ልጅ ኮሌታ እንደማትችል አስታወስኩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆነ ሥርዓት ያለው ተቋም አይመስልም፣ ደግሞ መልመድ አለባት አለ። እሺ ዶክተር ብዬ ወጣሁ።

ሰፋሁት። እስካሁን የማልረሳው ይሄንን ነው። አሥራ ሁለቱንም ኮሌታ ውስጡን በወፍራም ጨርቅ አጠንክሬ፣ የራሷንም ጭምር፣ በገዛ እጄ ሰፋሁት። ለምን ብትሉኝ፣ ከእናቶች ሁሉ እኔን መርጦ ሥራ ስላዘዘኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ነው የተገዛሁት።

የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በሁለት ሚኒባስ ነው። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ የሥራ አስኪያጁ ጓደኛ ዘመዳቸው ስለሆነ ነው የፈቀዱት። የቡ ውስጥ ያ ሳምንት የቡና ችግኝ የሚተከልበት ነበር። ጉድጓዱ በመስመር ተቆፍሮ አልቋል፤ ችግኞቹም ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እንዳሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ሽማግሌው ከሁለት ሠራተኞቻቸው ጋር ሥራ ላይ ነበሩ። ሰላም ሊሉን ቀና ቢሉም ሥራ አስኪያጁ ጊዜ አልሰጣቸውም፤ ሁለት የዋንዛ ዛፎች መሀል ባነር ለማሰር ሰው ይፈልግ ነበር።

ባነሩ ታሰረ። ልጆቹ ሰደርያቸውን ለብሰው ፊት ለፊቱ ተሰለፉ። እንግዶቹ አራት ነበሩ፤ ሁሉም ስልካቸውን አወጡ። አንዲቱ እንግዳ ልጆቹን ለመንካት ፈርታ ከርቀት እጇን ታወዛውዝላቸዋለች፣ የፀሐይ መነጽሯን ግን አላወለቀችም። ልጄ ከመኪና ስትወርድ ጀምሮ ኮሌታውን እየጎተተች ነበር። ሰልፉ ውስጥ ስትገባ አንገቷን መቧጨር ጀመረች፤ ከዚያ እርጥብ ሣር ላይ ተዘርራ ጮኸች። ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ሞግዚቷ ጠጋ ብሎ ከፎቶው አውጪያት አላት። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ ሁላችንም ሰማነው።

ሞግዚቷ አልተንቀሳቀሰችም። ወደ እኔ አየች። ሄጄ ተንበረከክኩና ሰደርያውን አወለቅኩላት። አንገቷ ዙሪያውን ቀልቷል። እኔ ያጠነከርኩት ጨርቅ ነው ያቀላው። ትንሽ ከተነፈሰች በኋላ ተነስታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ችግኞቹ ወዳሉበት ሄደች።

ሽማግሌው ምን ሆና ነው ብለው አልጠየቁም። ስሟንም አልጠየቁም። አንድ ችግኝ አነሱ፣ ላስቲኩን በቢላ ሰንጥቀው አወለቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ አቆሙት፣ አፈር መለሱበት፣ በእግራቸው ጠቀጠቁት። ከዚያ ሌላ ችግኝ አንስተው ዘረጉላት። ተቀበለቻቸው። ሄዳ ቀጣዩ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠችው። ተመልሳ ሌላ አነሳች። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ችግኝ። አልዘለለችም፣ አልደገመችም። ሽማግሌው ከኋላዋ እየተከተሉ ላስቲክ እየሰነጠቁ አፈር ይመልሳሉ። አንደኛው ሠራተኛ ቆሞ ሲያያት፣ «ቱን ሆጄቱ ዳ» አሉት በኦሮምኛ፤ ይቺ ሠራተኛ ናት ማለታቸው ነው። ወደ እኔም ዞረው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያንቺ ናት? ማሻአላህ፣ የእኔ ልጆች እንዲህ መስመር አይጠብቁም» አሉኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ልጄ ሰዎች ብዙ ነግረውኛል። ሠራተኛ ናት ያለኝ አልነበረም። አልሐምዱሊላህ አልኳቸው።

ከዚያ ሰልፉ ፈረሰ። መጀመሪያ ሁልጊዜ ጆሮውን ይዞ የሚውለው ልጅ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት መንታ ልጆች። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አንዱ የተቆረጠውን ላስቲክ እየሰበሰበ ይደራርባል፣ አንዷ አፈሩን በባዶ እግሯ ትረግጣለች። ሞግዚቷ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ መዝሙሯን አሁን ጮክ ብላ ነው የምትለው። ባነሩ ፊት የቀሩት ሥራ አስኪያጁና ሦስት ልጆች ነበሩ። ተመለሱ፣ ፕሮግራም አለን እያለ ይጣራል። እንግዶቹ ግን ስልካቸውን ወደ ማሳው አዙረው መቅረጽ ጀምረው ነበር፤ ባለመነጽሯ ሴትዮ በጣም ደስ እንዳላት ተናገረች።

ያን ጊዜ ፊቱ ሲቀየር አየሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሱሪውን ከፍ አድርጎ እስከ ማሳው ጠርዝ መጣና ይህ የግብርና ቴራፒ እንደሚባል፣ ማዕከሉ ለረጅም ጊዜ ሲያጠናው እንደቆየ፣ ለዚህም ሲል ይህን ቦታ እንደመረጠ አስረዳቸው። ሽማግሌው አማርኛ አሳምረው ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩት፣ ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። የእሳቸውን ያህል ንቀት በዓይኔ ማስተላለፍ ብችል ይህን ሁሉ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር።

ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። ሰደርያውን መሬት ላይ አግኝቶት ጭቃውን አራግፏል።

«ይሄንን ያልብሷት፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ችግኙን ይዛ አንድ ፎቶ እናንሳት።»

«አላለብሳትም።»

«እናት፣ ለእኔ እኮ አይደለም። ለማዕከሉ ነው።»

«እንግዲያው ማዕከሉ ይልበሰው» አልኩት።

 ሄዶ ሰደርያውን ያላወለቀ ልጅ ፈለገ፣ ችግኝ አስያዘውና ፎቶ አስነሳው። ልጁ ፎቶው ላይ የሚያየው ካሜራውን ሳይሆን የእኔን ልጅ ነው። ከሳምንት በኋላ ያ ፎቶ ተለቅ ብሎ ታትሞ በገንዳው ፎቶ ጎን ተሰቀለ፤ ከሥሩ «የግብርና ቴራፒ» ይላል።

በዚያው ሳምንት ቢሮው አስጠርቶ ልጄ ለቡድን ጨዋታ ገና ዝግጁ ስላልሆነች እስከ መስከረም ቤት ብትቆይ እንደሚሻል አስታወቀኝ። በጣም በትሕትና ነው የነገረኝ፤ እርስዎ፣ እርስዎ እያለ። ይዣት ወጣሁ። ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልቆምም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መሐላው ሦስት ሳምንት ቆየ። ቅዳሜ ቅዳሜ የቡ እወስዳት ነበር፤ ተከላው እስኪያልቅ ድረስ ሽማግሌው ሥራ ሰጧት፣ ለእኔም ድንጋይ ላይ መቀመጫ። በሌላው ቀን ግን ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ ክር እየፈተለች ትውላለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ትጮኻለች። ሌላ ማዕከል ከተማው ውስጥ አላውቅም። ሞግዚቷ አንድ ቀን ሱቅ ድረስ መጥታ፣ «እህቴ፣ ለሱ ብለሽ እኮ አይደለም የምታመጫት፤ እኔ አለሁ» አለችኝ። በማግስቱ መለስኳት። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀበለን፤ እኔም እንዴት አደሩ ዶክተር አልኩት።

መስከረም ላይ በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ እንዲከፍት ተመደበ። ወላጆች ጋቢ ይልበስ ተባባሉና ሽኝት ተዘጋጀ። ኬክ ነበረ፣ ለስላሳ ነበረ፣ ልጆቹን ግን ይረብሻሉ ተብሎ ውስጥ አስቀሯቸው፤ የልጆች ማዕከል ሽኝት ያለ ልጆች ተደረገ። ጋቢውን ሲያለብሱት አለቀሰ። ስለዚያ ቀን የቡ ተናገረ፤ ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ የእኔ ልጅ ያሳየችው ለውጥ እንዴት እንዳስገረመው። ስሟን ጠርቶ ወደ እኔ ጠቆመ። እንባው የእውነት ነበር። የሚናገረውን አምኖታል። እስከዚያ ድረስ አስመሳይ ነው ብዬ በደንብ እንቀው ነበር፤ ራሱን ጭምር ማታለሉን ሳይ ንቀቴ እንደ ድሮው አልሰበሰብ አለኝ፣ ይህም አናደደኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ያጨበጭባል። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰዉ ሲበተን ሞግዚቷ ወንበር እያነሳች ነበር። ከኬኩ ትንሽ ሸሽጋ ለልጆቹ አስቀምጣለች። ሰኞ ትመጣላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንመጣለን አልኩና ልጄን ለማምጣት ወደ ውስጥ ገባሁ።