አጎቴ የቆላው እህል

እህቴ ከዱባይ ስትመለስ ዘመዶቻችን መንደራ ቆጪ ወዳለው የእናቴ ቤት የጎረፉት እሷን ናፍቀው አልነበረም፤ ሻንጣዋን ናፍቀው ነው። ስልክና ሽቶ ሲጠብቁ የነበሩት፣ ሻንጣው ተከፍቶ ቡናማ እህል የሞላው ፌስታል ብቅ ሲል ፊታቸው እንዴት እንደጠቆረ አልረሳውም።

«ለዶሮ ነው?» አለች የአጎቴ ሚስት።

ለዶሮ አልነበረም። ባክዊት ይባላል። እህቴ ምግብ ታበስልላቸው የነበሩ ሩሲያውያን ቁርስም እራትም ይበሉታል። ፍሬው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ እሷ ያመጣችው ደግሞ አስቀድሞ የተቆላ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ።

በማግስቱ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለችው የኪራይ ክፍሌ ሠራችልኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። እህሉ እጥፍ በሆነ ውሃ ከጨው ጋር ይጣዳል፤ ውሃውን መጥጦ ሲጨርስ ድስቱ ወርዶ በጋቢ ይጠቀለላል። አይማሰልም! እኛ ቅንጬ ስንሠራ እያማሰልን እያማሰልን የግድግዳ ምርጊት እናደርገዋለን፤ ከዚያ የበሽተኛ ምግብ ነው ብለን እናማዋለን። የእሷ ግን ፍሬው ከፍሬው ሳይጣበቅ ወጣ። በቅቤ የተጠበሰ ሽንኩርት ጣል አደረገችበት፤ ለውዝ ለውዝ ይሸታል። ድስቱን ጠረግነው።

«ቁርስ ቤት ልከፍት ነው» አለችኝ። «አጎታችን ክፍሉን ከከለከለኝ ግን ወደ ዱባይ እመለሳለሁ። የሰው ቤት ማጠብ እንደሆነ ለምጃለሁ።»

አጎታችን አጋሮ ላይ ቡና ይነግዳል፤ እዚሁ ከተማችን መርካቶ ውስጥም ባዶ የተቀመጠ ክፍል አለው። «መጀመሪያ አብስለሽ አቅምሺን፣ ክፍሉን ከዚያ እናወራለን» ብሏት ነበር።

እሑድ ዕለት ከነሚስቱ እናቴ ቤት መጣ። እህቴ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣ ስትል እህሉን መዳፉ ላይ ዘረገፈ፤ ነፋው፣ አሸተተው፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሜ፣ እስቲ ምጣድ አምጡ! ይሄ ወላሂ ግማሽ ጥሬ ነው።»

«ጋሼ፣ ተቆልቶ እኮ ነው የመጣው...» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ስሙት! መምህሩ ዛሬ ደግሞ እኔን መቁላት ሊያስተምረኝ ነው። አንተ ጠመኔህን ያዝ!»

ዕድሜውን ሙሉ ቡና ያየ ሰው ቡናማ ነገር ሁሉ ቡና ይመስለዋል። ሚስቱ የፌስታሉን እህል ሁሉ ቆላችው፤ እስኪከስል ቆላችው። እሱም በጭሱ መሃል ቆሞ «አሁን ቀለም ያዘ!» ይላል።

እህቴ ሽንኩርቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ሁሉንም ከወጥ ቤት አስወጥታ በሩን ዘጋች። እኔ ብቻ ቀረሁ። የከሰለውን ጓሮ ደፋችው፤ ዶሮዎቹ እንኳ አልነኩትም። ከዚያ የእናቴን ጥሬ የስንዴ ቅንጬ ከመደርደሪያ አወረደች፤ ቡናማ እስኪሆን አመስ አመስ አድርጋ ልክ እንደ ባክዊቱ ጣደችው፣ በጋቢም ጠቀለለችው።

አጎቴ በላ። ደግሞ አስጨመረ።

«አላልኩም? የጎደለው መቆላት ነው አላልኩም?»

አፌን ከፈትኩ። ማስረጃዎቼ በቅደም ተከተል ተሰልፈው ነበር። እህቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ቀላል አረጋገጥም አልነበረም።

«እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ጋሼ!» አለችው።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ዛሬ ቁርስ ቤቱ ሞልቶ ይውላል። የሚሸጠው ያው የአገራችን የስንዴ ቅንጬ ነው፤ ብቻ አይማሰልም። አጎቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የፈረንጅ እህል እንዴት ቆልቶ ሰው እንዳደረገው ለባጃጅ ሾፌሮች ይተርካል። እኔ ጥግ ይዤ እበላለሁ፤ አፌ ስለሚሞላ ማስረዳት አልችልም። ይህን ስጽፍ ግን ስጋት የለብኝም፤ አጎቴ ከሚዛን በቀር የሚያነበው ነገር የለም።