የውጅግራ ጭስ

መንገደኛው ራሱን በነጠላ ጠምጥሞ እያቃሰተ ሲሳፈር፣ ታንኳ ቀዛፊው ኑርሑሴን በሽተኛ መስሎት ነበር። ከባሕር ዳር ርቀው ደንገሉን እንዳለፉ ጉማሬ ከፊታቸው ብቅ ሲል ግን ሰውዬው ማቃሰቱን ረሳው፤ ዓይኑ ቦግ አለ።

«በምንድን ነው የምትገድሉት?»

መሣሪያ የደበቀን ሰው ጣሊያን ይሰቅላል። የሰውዬው ደስታ ግን ተጋባበትና ኑርሑሴን ሳያስበው፣ «በውጅግራ» አለ።

እንግዳው ሳቀ። ነጠላውን ፈትቶ እጁን ወደ ጎፈሬው ሰደደና ሁለት ጥይት አወጣ፤ አንዱ እንደ ጣት የወፈረ የውጅግራ፣ ሌላው ቀጭን የምንሽር። ሁለቱን በመዳፉ እያንከባለለ፣ «ወፍራሙ አጥንት ያደቃል፤ ቀጭኑ ሩቅ ይሄዳል» አለ።

«እርስዎ ለራስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?»

«ቀጭኑን! የውጅግራ ጭስ ያለህበትን ያሳብቃል። በዚያ ጭስ ስንት ወንድም ቀበርሁ!»

«ለጉማሬውስ?»

«ጉማሬ ጭስ አይቶ መልሶ አይተኩስማ!»

ወፍራሙን ለኑርሑሴን ሸለመው፤ ቀጭኑን ወደ ጎፈሬው መለሰ። ዳር ሲደርሱ ያ በሽተኛ እንደ ሚዳቋ ዘሎ ወረደና ከቁጥቋጦ ሥር አንድ ምንሽር መዝዞ ተሰወረ።

ኑርሑሴን ጥቂት እንደ ቀዘፈ ዳርቻው ላይ ካለው የጣሊያኖች ምሽግ በኩል አንድ ተኩስ ጮኸ። ዞሮ ዳርቻውን በዓይኑ አሰሰ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰውዬውን የሚያሳብቅ ጭስ የለም።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ፣ ወፍራሙን ጥይት በጡጫው ጨብጦ።