አጎቴና የሚናገረው ዘንዶ

አጎቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው። ከሱቁ ጎን ባለችው ራኩባ፣ በሣርና በእንጨት በተሠራችው ዳስ ሥር፣ እኔ ፉል እየቀቀልኩ እሸጥ ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከአርማጭሆና ከጎንደር ዙሪያ የመጡ ሠራተኞች ወደ ማሳ እስኪጫኑ ድረስ እኛ ዘንድ ያመሻሉ። አጎቴ ቴሌቪዥን ከነዲሹ የገዛው ለዜና እንደሆነ ለማንም ይምል ነበር። ከዜናው ቀጥሎ ግን አንድ ተከታታይ ፊልም ይመጣል፤ ክንፍ ያለው ዘንዶ፣ የተሰደደ የንጉሥ ልጅ፣ ቀስት የምትወረውር ቆንጆ፣ ጢሙ ጉልበቱ የደረሰ አስማተኛ ያለበት። ዜናው አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ አንድም ቀን አላየሁም።

ፊልሙ ወደ ዐረብኛ የተመለሰ ነው፤ ያውም ወደ መጽሐፍ ዐረብኛ። ሠራተኞቹ ዐረብኛ ስለማያውቁ አጎቴ ከፊት ወንበር ይዞ ይተረጉምላቸዋል። የሱ ዐረብኛ የገበያ ነው። ስለ ስኳር ጆንያ ከሆነ ማንም አይረታውም፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚባለውን ግን ግማሹን አይሰማም። የሰማውን ግማሽ ደግሞ አይወደውም። ሀጂ ነው፤ አስማት፣ መጠጥና መሳሳም ከአፉ አይወጡም።

ስለዚህ አስማተኛው ሽማግሌ የባህል ሐኪም ሆነ። በወርቅ ጽዋ የሚቀዳው ቀይ ወይን ጠጅም ካርካዴ፣ ያ ቀዩ የአበባ ሻይ፣ ሆነ።

«ሀጂ፣» አለ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ «ካርካዴ ጠጥቶ ነው እንዲህ የሚንገዳገደው?»

«ስኳር አብዝተውበት ነው» አለ አጎቴ፣ ሳይዞር።

የንጉሡን ልጅና ባለ ቀስቷን ደግሞ ወንድምና እህት አደረጋቸው። እኔ እዚያው ከተማ ስላደግሁ ዐረብኛው ከሱ ይልቅ ይገባኛል። ላርመው እችል ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ ማን ያበላሻል? ይልቅስ ከድስቴ አጠገብ ሆኜ፣ «አጎቴ፣ ወንድሟ ምነው እጇን አልለቅ አለ?» እላለሁ።

«ተለያይተው ስለከረሙ ነው!» ይላል፣ ጆሮውን እያከከ።

ስለ እንዲህ ያሉ ፊልሞች የራሴ አስተያየት አለኝ። ዘንዶና አስማት አይከብዱኝም። የሚከብደኝ እዚያ አገር ማንም አለማረሱ ነው። ሠራዊት ይተማል፣ ግብር ይጣላል፣ አንድ ነዶ የሚሸከም ሰው ግን አይታይም። ሠራተኞቹም «ይሄን ሁሉ ሰው ማን ነው የሚያበላው?» እያሉ ይበሽቁ ነበር። ሲወለድ ጀምሮ ለጀግንነት የተመረጠ ልጅም አልወድም። ከዚያ የጎረቤታችን ጌም ቤት ይሻለኛል፤ እዚያ የተመረጠ የለም፣ ማንም ገብቶ ይደበደባል። እኔም አንዴ ገብቼ ድብድብ ተጫውቼ፣ ሰውዬዬ ግድግዳ ሲቦክስ ቆይቶ ተዘረረ።

ዘንዶውን ግን እወደው ነበር፤ የአጎቴን ዘንዶ ማለቴ ነው። በፊልሙ ዘንዶው ያገሳል እንጂ ቃል አይተነፍስም። አጎቴ ግን ባገሳ ቁጥር ይተረጉምለታል። «ኧረ ይሄ ሙቀት!» ይላል ዘንዶው። «ለሰው ሁሉ በክንፌ ጥላ እሆናለሁ፣ ለኔ ማን ጥላ ይሆነኛል? ወኪሉ እንደሆነ ሥራ ከማዘዝ በቀር ምሳ በላህ ወይ አይልም!» ሠራተኞቹ የየራሳቸው ወኪል፣ የእርሻው አሠሪ፣ ትዝ እያላቸው በሳቅ ይፈርሳሉ።

እንዲህ ስንል የሠርጉ ቀን ደረሰ። የንጉሡ ልጅ ዘውድ ደፍቶ፣ ባለ ቀስቷ ነጭ ለብሳ፣ አበባ እየተበተነ ብቅ አሉ። ጥርሰ ፍንጭቱ ብድግ አለ።

«ሀጂ! ወንድምና እህት!»

አጎቴ መነጽሩን አውልቆ በጀለቢያው ጠረገ። ብዙ ጠረገ። «ቆዩ፣ ቆዩ። አሁን ነው የታወቀው። ልጅቷ ለካ የጎረቤት ልጅ ናት። ያሳደገቻቸው ሴትዮ ተናገረች።»

«ያቺማ ገና ድሮ ሞታለች!»

«በሕልም መጥታ ነው የነገረቻቸው» አለ አጎቴ። አስማቱን ሁሉ ሐኪም ያደረገ ሰው የሞተች ሴት አስነሣ። እኔ ጭልፋዬን ጥዬ ወደ ጓዳ ሮጥሁ፤ ሳቄ ገደለኝ።

ስመለስ አንድ ወጣት ቆሟል። ኡም ጋርጉር በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ተወልዶ ያደገ፣ በዐረብኛ የተማረ፣ በዚያ ሳምንት ከሠራተኞቹ ጋር የተቀላቀለ ልጅ ነው። «ወላሂ፣ ወንድምና እህት ሆነው አያውቁም» አለ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍቅረኞች ናቸው። የሚጠጡትም ካርካዴ አይደለም።»

አጎቴ አልተቆጣም። ከወንበሩ ተነሥቶ «እንግዲያው አንተ ተቀመጥ» አለውና ሱቁ ገብቶ ከስኳር ጆንያዎቹ ኋላ ተቀመጠ።

ወጣቱ በማግስቱ ሁሉንም በትክክል ተረጎመ። «የብርሃን ልጅ ሆይ፣ ዕጣህ ይጠራሃል ይለዋል። እሱም እሺ፣ ዕጣዬ ከጠራኝ እሄዳለሁ ይላል።» ሠራተኞቹ ያዛጋሉ። ዘንዶው ብቅ ብሎ ሲያገሳ ሁሉም ቀና አለ።

«ምን አለ?» አለ ጥርሰ ፍንጭቱ።

«ምንም አላለም። ጮኸ።»

«ስለ ሙቀቱ ምንም አላለም?»

«ዘንዶ እኮ አይናገርም!»

በዚያ ምሽት አጎቴ ዘንድ ሽማግሌ ተላከ፤ ወጣቱም ጭምር። አጎቴ መጀመሪያ ኮራ። በመጨረሻ የሰዎቹን ነገር ወጣቱ፣ የዘንዶውን አጎቴ ሊተረጉሙ ተስማሙ። «ሲሳሳሙ ግን ሁለታችንም ዝም እንላለን» ብሎ አጎቴ ቃል አስገባው። እንደዚያ የመሰለ የፊልም ምሽት ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም፤ ዘንዶው የንጉሡን ልጅ እስከ መምከር ደረሰ።

በመጨረሻው ክፍል የንጉሡ ልጅ ዘንዶውን በጦር ወጋው። ዘንዶው ተንገዳግዶ ወደቀ፣ ዓይኑን ከደነ። ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ መነጽሩን አወለቀ።

«ደክሞት ነው» አለ። «ተኝቷል።»

ጥርሰ ፍንጭቱ ወደ ወጣቱ ዞረ። «እውነት ነው?»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝቡ ዘንዶው ሞተ እያለ ይጨፍራል። ወጣቱ ያንን ሰማ፤ አጎቴንም አየ።

«አዎ፣ ተኝቷል» አለ። «ቀስ በሉ እያሉ ነው፣ እንዳትቀሰቅሱት።»

ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ ተነሡ። እኔ ለወጣቱ ፉል ጨለፍሁለት፤ ዘይቱንም አበዛሁለት።