ስም ያልተጻፈበት ካርታ

ሊወስዱኝ ሲመጡ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለተማሪዎቼ ፈተና አዘጋጅ ነበር። ከተማዋን ከያዙት ታጋዮች ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ወረቀቶቼን ሲያገላብጥ ቀይና ሰማያዊ ቀስት የተሳለባቸው ሦስት ካርታዎች አገኘ። ርዕስ የላቸውም፤ የአንድ ቦታ ስም እንኳ የለባቸውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፈተና ነው።»

«እሺ መምህር፤ እንግዲህ ተነስ» አለኝና ካርታዎቹን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ባለቤቴ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። እሷ የአስመራ ልጅ ናት። እኔ ግን ከወልድያ መጥቼ በወደቀው መንግሥት ደመወዝ አሥር ዓመት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን እንደኔ ያለው በየቀኑ በመኪና እየተጫነ ወደ ደቡብ ይሸኝ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ተጭኜ ብሄድ እሷ ብቻዋን ትወልዳለች።

ያስገቡኝ በጣሊያን ጊዜ የቆዳ መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ዓመታት አልፈውት እንኳ የቆዳው ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። አሥራ አንድ ነበርን። የክፍሉ አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ አንድ ግዙፍ መካኒክ ነው። ሕጉ አጭር ነበር፦ ከየቤቱ የሚመጣው ምግብ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፣ ሁሉም ከዚያ ይበላል። ከማዕድ የተገፋ ሰው ግን አለቀለት፤ ሰላም የሚለው እንኳ አያገኝም።

ስለ ካርታዎቹ ልናገር። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ የመምህር ጉራ ነው። የጦርነት ስምማ በቀቀንም ይሸመድደዋል እል ነበር። ስለዚህ ለፈተና የማቀርበውን ካርታ ስሙን አጠፋለሁ። አንደኛው ወንዝ ዳር ያለች ከተማ፣ ስታሊንግራድ። ሁለተኛው በባሕርና በአሸዋ መካከል፣ ኤል አላሜን። ሦስተኛው በተራሮች መካከል የገባ መንገድ፣ ከረን። ከሥራቸው «ይህ የቱ ውጊያ ነው? የዓለምን ጦርነት አቅጣጫ እንዴት ቀየረ?» ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ጥያቄውን ሳልጽፈው ደረሱብኝ።

መርማሪው ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የጎደለው ቀጭን ታጋይ ነው። ሁለቱን ካርታዎች ገፋ አደረጋቸውና ሦስተኛው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይህ የቱ ውጊያ ነው?»

ወይ ጉድ! የገዛ ጥያቄዬ! ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ከረን ነው» አልሁ። «እንግሊዝና ጣሊያን የተዋጉበት።»

«እኔም እዚህ ቦታ ተዋግቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እንግሊዝ አላየሁም።»

ካርታውን ያሳለኝ የሸሸው ጦር መኮንን እንደሆነ እርግጠኛ ነበር። የመኮንኑን ስም እስከ ዓርብ ካላመጣሁ ከምርኮኞቹ ጋር እንደምጫን ነግሮ መለሰኝ። ለእስረኞቹ ስለ ካርታው ትንፍሽ አላልሁም። በእስር ቤት ግድግዳውም ጆሮ አለው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ነጭ ሪዛም፣ ክርናቸው የተጣፈ ኮት የለበሱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የዓባ ሻውል ሰፈር ሰው ናቸው። የሸሸው ጦር ግምጃ ቤት ዘበኛ ስለነበርሁ ነው የታሰርሁት አሉ። ያን ሁሉ ሰው አልፈው እኔ አጠገብ ተቀመጡ።

«ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉ ነው፤ «ከረንን ታውቃታለህ?»

ስንት ነገር እያለ ከረን?

«በስም ነው» አልሁ።

«ዐስከሪ ነበርኩ። ለጣሊያን እዚያ ላይ ተዋግቻለሁ።»

በማግስቱ ሻሂ እየጠጣን ጠጋ አሉና፦ «ካርታው ላይ እንግሊዞችን በየት አመጣሃቸው?» አሉኝ።

ካርታ! ማን ነገራቸው? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉኝ ይሆናል፤ ይሄ ግን ልጥ አልነበረም። ተነሥቼ ለካቦው በጆሮው ነገርሁት። «ሽማግሌው ጆሮ ጠቢ ነው።»

ምሳ ሲመጣ ካቦው ትሪውን ወደኛ ሳበና ለሽማግሌው አንዲት ደረቅ ዳቦ ወረወረላቸው። ዳቦውን አንሥተው፣ አቧራውን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። እኔም እሰይ አልሁ። እውነቱን ልናገር እንጂ፣ ደስ ብሎኛል።

ዓርብ ረፋድ ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው ካርታውን ዘረጋ።

«አቦይ፣ ምን አመጡልኝ?» አላቸው።

ሽማግሌው ካርታውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በኔ ነው።

«ኣይፋል! ይሄ ትክክል አይደለም። እንግሊዝ በመንገዱ አልመጣም። መንገዱን ጣሊያን በቋጥኝ ዘግቶታል። ሕንዶቹን ነው በተራራ ያወጣቸው፤ ጥምጣም ያሰሩትን። እኛ ከላይ፣ እነሱ ከታች። ወንድሜ እዚህ ጋ ወደቀ።» ጥፍራቸውን ካርታው ላይ ተከሉ። «ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነው። ከባቡሩ ዋሻ በላይ ከድንጋይ ሥር የምትንጠባጠብ ምንጭ አለች።»

መርማሪው ቀና አለ።

«ከድንጋዩ በስተግራ?»

«በስተቀኝ ነው። ወደ ከረን ዞረህ ስትቆም።»

«እወ» አለ መርማሪው። ድምፁ ወረደ። «እኛም ከዚያ ጠጥተናል።»

ሁለቱ ከዚያ በኋላ በትግርኛ ስለዚያች ምንጭ አወሩ። እኔ ተረስቼ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ መርማሪው ወደ አማርኛው ተመለሰ፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«አቦይ፣ የላክንዎት ስም እንዲያመጡ ነበር። ስም ካመጡ ወደ ቤትዎ ተባብለናል።»

«ስም የለውም። የኔን ጦርነት ነው የሣለው፤ እሱንም አበላሽቶ። የሌለ ስም ከየት ላምጣ?»

«እንግዲያስ ይቆያሉ።»

«እቆያለሁ» አሉ።

መርማሪው ካርታዎቹን ሰጠኝና «አንተ ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌውን መጋፈጥ አቃተኝ። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ጆሮ ጠቢ ብለኸኛል። አልዋሸህም፤ ልሰማህ ነው የገባሁት።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ለዚህ ምን ይባላል? አንድ ስም ፈጥረው ቢሰጡ ኖሮ እሳቸው ዓባ ሻውል፣ እኔ መኪና ላይ ነበርን።

ክፍሉ ስንገባ ትሪው ቀርቧል። ሽማግሌው እንደለመዱት ወደ ግድግዳቸው ሄዱ። ያመጣን ታጋይ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በል፣ ውጣ!» ይለኛል።

«ምሳ ሳልበላ አልወጣም» አልሁት።

«አብደሃል?»

ትሪውን አነሣሁና ወስጄ ሽማግሌው ፊት አስቀመጥሁ። «አቦይ፣ በድያለሁ። አብረን እንብላ» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ካቦው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ ያን ትልቅ ገላውን እየጎተተ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ታጋዩ በር ላይ ጠበቀን። ሽማግሌው ሁለት ጉርሻ ያህል ከበሉ በኋላ «ጨው ያንሰዋል» አሉ። የባለቤቴ ወጥ ነበር።

ልጃችን በተወለደች በወሩ ለእሳቸው ወደ እስር ቤቱ የላክነው ሳህን እንደሞላ ተመለሰ። የሉም አሉን። ወጡ ወይስ ተዛወሩ ብንል መልስ የለም። ዓባ ሻውል ሄጄ በየደጁ ጠየቅሁ። አንዲት ሴትዮ በሩን ገርበብ አድርጋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «አንተ ማን ነህ? ማን ላከህ?» አለችኝ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። አልተቀየምኋትም፤ እኔም በቦታዋ ብሆን እዘጋው ነበር።

እሳቸው ከኔ በፊት ሌላ ሰው ሰምተው፣ ሌላ ነገር ተናግረው እንደሆነ አላውቅም። አንዳንዴ ይከነክነኛል። ዛሬ ከነቤተሰቤ ደሴ ገብቼ እዚያ ነው የማስተምረው፤ ካርታዎቼ ሁሉ ስም አላቸው። የከረኑ ላይ ቀይ ቀስቱ በተራራው ይወጣል፤ ከባቡሩ ዋሻ በላይም በሰማያዊ እርሳስ አንዲት ነጥብ አለች። ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቺ ምንጭ መጽሐፉ ላይ የለችም። ማን ነገረዎት?»

«ወንድሙ ለእሷ ብሎ የሞተበት ሰው» አልኋት።