ወለተ ማርቆስ፣ ከጎማ መንፊያው አጠገብ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳራ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ቤንዚን ልትቀዳ ቆመች። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ቀበቶዬን ታጥቄ እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ። ማደያው ሰው የለውም። ሳራ ካርዷን ነካ አደረገች፣ ማሽኑ እንኳን ደህና መጣሽ አላት፤ ቀዳች፣ ማሽኑ አመሰገናት። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ድሮ በዚያ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ሐበሻ አይጠፋም ነበር። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «አባባ፣ ከየት ነዎት?» ይላል፤ ሳታስበው የአክስትህ ባል ዘመድ ሆኖ ይገኛል። አሁን ሣጥኑ ውስጥ ያለው የሎተሪ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

«ሳሪዬ፣ ጎማውንም ንፊው እስቲ» አልኳት።

«አባባ፣ ታየሩ እኮ ፋይን ነው።»

ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ጎማው ምንም አልሆነም። እኔ የፈለግኩት ድምፁን ነበር። ሽማግሌ ሲለምን እንቢ ማለት ስለማይቻል ወረደችና ነፋችው። ያ «ፍሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ፣ እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ ጢሜ ጥቁር ወደነበረበት ዘመን ሄድኩ።

ስሜ ተሾመ ነው። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ምን ዓይነት ሹመት እንዳሰበልኝ አላውቅም። እኔ ግን አገር ለቅቄ በወጣሁ በዓመቴ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ በአንድ ቤንዚን ማደያ ላይ ተሾምኩ። ካባዬ ደረቱ ላይ የሌላ ሰው ስም የተጠለፈበት ሰማያዊ ጃኬት ነበር።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች። በዚያን ጊዜ ስልክ ብርቅ ስለነበር ድምፃችንን በካሴት ቀድተን ሰው ሲሄድ እንላላክ ነበር። በመጀመሪያው ካሴት «እማዬ፣ ያለሁት አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ነው» ብዬ ነገርኳት። አብረዋት ይሰሙ የነበሩት የነፍስ አባታችን ለማስረዳት ቸኮሉና «እስክንድርያ ማለት እኮ ነው» አሏት። በቃ፣ አለቀ። እስክንድርያ የቅዱስ ማርቆስ መንበር፣ ለስንት መቶ ዓመት ጳጳስ ስትልክልን የኖረች፣ ግብጽ ያለችው ናት። እናቴ በግብጽና በቨርጂኒያ መካከል ያለውን ውቅያኖስ እግሯ ሳይርስ ተሻገረችው። ጎረቤቶች «ልጅሽ አሜሪካ ገባ አሉ» ሲሏት «አሜሪካማ ማንም ይገባል፤ የኔ ልጅ እስክንድርያ ነው» ትል ነበር አሉ። እኔ ያን ጊዜ የቤንዚን ሽታ ከእጄ እንዲለቅ በሎሚ እያሸሁ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ካሴት መጣ። «ተሹዬ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ትላለች እናቴ። «ቅዳሴ ላይ መቆም አቃተኝ። አንተ እዚያ ቅዱስ አገር ተቀምጠህ፣ ከአባቶች መቃብር እፍኝ አፈር ለእናትህ እንዴት ታጣለህ? ትንሽ እምነት ላክልኝ፣ ልቀባው።»

አፈር፣ አልኩ ለራሴ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም አስፋልት ነው።

ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል። አሌክሳንድሪያ እንግሊዞች አገሩን በሚገዙበት ዘመን የተቆረቆረች ወደብ ናት። ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚወርዱት መንገዶች አንዳንዶቹ ድንጋይ ንጣፍ ናቸው፤ ስኒከር ያደረገ ሰውንም ያስነክሳሉ። ቤቶቹ ቀይ ሸክላ ናቸው፤ በየበራቸው ጎን ማን እንደኖረባቸው የሚናገር ሰሌዳ አላቸው። የመርከቡ ካፒቴን ሰሌዳ አለው፣ የትንባሆ ነጋዴው ሰሌዳ አለው፣ ሐኪሙም አለው። ድንጋዩን ማን እንዳነጠፈው፣ የትንባሆውን በርሜል ማን እያንከባለለ መርከቡ ጋ እንዳደረሰው የሚል ግን ያን ጊዜ አላየሁም። ልፈልግም አላሰብኩም። የራሴም ደረት ላይ ያለው ስም የኔ አልነበረም።

የማደያው ማናጀር ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ ከእኛ ቀድመው የመጡ ሰው ነበሩ። እሑድ ጠዋት የሚሠራ ሲያጡ እኔን መደቡኝ። ሐበሻው ቅዳሴ ነው፣ ፈረንጁ አልጋው ውስጥ ነው፣ እኔ ከድንች ጥብሱ ከረጢት ጋር ተፋጥጬ እቀመጣለሁ። ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የሚያልፍ እሑድ ነበር። ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ የሲጋራዎቹን ስም ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ሲጋራ አላጨስም፤ ስማቸውን ግን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ።

አንዲት አሮጊት በየእሑዱ በእግራቸው ይመጣሉ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ሐምራዊ ባርኔጣ፣ ነጭ ጓንት። ማደያው ዳር፣ ጎማ መንፊያው አጠገብ የቀረች ጠባብ ሣር አለች፤ እዚያ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። መኪና የላቸውም። የሚነፋ ጎማም የላቸውም። ሐምሌ ላይ፣ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ሲለጠፍ፣ አሳዘኑኝና ወንበር ይዤ ወጣሁ።

«እናቴ፣ አውቶቡስ እዚህ አይቆምም» አልኳቸው ባለችኝ እንግሊዝኛ።

«አውቶቡስ አይደለም የምጠብቀው፣ ቤቢ።»

ቤቢ! በእኛ አገር ቤቢ የሚባባለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልቤ ደንገጥ አለ፤ ሳላስበው ጢሜን አሻሸሁ። ሴትዮዋ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የዚህ አገር አሮጊት ፖስተኛውንም ውሻውንም ቤቢ እንደሚል ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ትንሽም ቅር ብሎኛል።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ማንንም። ሰዎቼን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉና በአገጫቸው ወደ አስፋልቱ ጠቆሙኝ።

ሚስ ኤላ ይባላሉ። በዚያ እሑድና በተከታዮቹ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። አያታቸው ልጅ ሳለች ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ከባርነት አምልጣ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ወደዚህ ወደብ መጣች። ወደቡ ባመለጠ ሰው ተጨናነቀ፤ መጠለያ አልነበረም፣ በሽታ ገባ። ትንሿ እህት ሞተች። የሞቱትን ሁሉ የቀበሯቸው ከከተማው ዳር በነበረ ሜዳ ነው። የእንጨት ምልክታቸው በሰበሰ፣ ሜዳው ተረሳ፣ አውራ ጎዳናው መጣ፤ በመጨረሻ እኔ የተሾምኩበት ማደያ ተሠራ።

«አያቴ እጄን ይዛ ታመጣኝ ነበር» አሉኝ። «እዚህ ጋ፣ ከዛፉ ሥር፣ ትለኝ ነበር። ዛፉን ቆርጠውታል። እግሬ ግን ያውቀዋል።»

«የልጅቷ ስም ማን ነበር?»

«ሕፃኗ ነው የምትላት። ስሟን ልትነግረኝ ስትጀምር ልቅሶ ይይዛታል። ሳትነግረኝ ሞተች።»

እኔ ከዚህ በኋላ እንደ ጤነኛ ሰው መሥራት አቃተኝ። መቃብር ላይ ለወራት በቦት ጫማ ስመላለስ ከርሜያለሁ። መቃብር ላይ ጫማ አውልቅ የሚል ሥርዓት የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነው። ድንጋጤ ግን ሥርዓት አያስለይም። በሚቀጥለው እሑድ ጫማዬን በሩ ጋ አውልቄ በካልሲ ቤንዚን ስቀዳ ጋሽ ደምሴ ደረሱ።

«አንተ ተሾመ፣ ጫማህ የታለ?»

«ሥሩ መቃብር ነው አሉ፣ ጋሽዬ።»

አስፋልቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ልጅ ተሾመ፣ ሥሩ የቤንዚን ጋን ነው። ኢንስፔክተር ቢመጣ ሁለታችንንም ያባርረናል። አድርግ ጫማህን» አሉና ሄዱ። መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አየኋቸው።

ሚስ ኤላ ይህን ሁሉ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩ ነበር። በሣቅ ፈረሱ። በኋላ ሣቃቸው መሐል ላይ ተቋረጠና በጓንታቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እስከዛሬ እዚህ ቦታ ላይ ጫማውን ያወለቀ ሰው አላየሁም» አሉኝ።

ነሐሴ ሲገባ ከስኳር ድንች የጋገሩትን ፓይ በፎይል ጠቅልለው አመጡልኝ። ቀረፋው ከሩቅ ይጣራል። አመጡልኝ እንጂ ፊታቸው ደስ አይልም። ቺካጎ ያለው ልጃቸው በረዶው ሳይጥል ሊወስዳቸው ነው። ብቻቸውን መኖር አይችሉም ብሎ ወስኗል።

«እኔ ስሄድ እዚህ የሚቆም የለም» አሉ። «ልጄን አመጣሁት፤ ማማ፣ ይህ እኮ ማደያ ነው አለኝ። አላጠፋም፤ ማደያ ነው። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው። እኔ ስሞት እሷ ኖራም እንደማታውቅ ትሆናለች።»

ሰው የሚለው ሲያጣ የራሱን ጭንቅ ያወራልና የእናቴን ጉልበት፣ የእስክንድርያን ነገር፣ የአፈሩን ልመና ነገርኳቸው። ጓንታቸውን አወለቁና የፓዩን ማንኪያ ይዘው ከሣሯ ዳር ተንበረከኩ። አፈሩን ፎይሉ ላይ እያደረጉ «ለእናትህ ላክላት» አሉኝ። «ቅዱሳን ናቸው ብለህ እንዳትዋሻት ግን። ማን እንደሆኑ ንገራት።»

ቅቤና እንቁላል ያለበትን ፓይ በልቼው ነበር፤ የዚያን ጊዜ የፍልሰታ ጾም ላይ መሆናችን ትዝ ያለኝ ሁለተኛውን ቁራሽ ስጨርስ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን ጾምም ፈታሁ፣ እናቴን ከግብጽም አስወጣሁ። ካሴት ቀዳሁ፤ «እማዬ፣ ይህ ግብጽ አይደለም። አባቶችም አይደሉም። ተሸጠው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዲት ስም የሌላት ሕፃንም አለችበት» አልኳት። አፈሩን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አድርጌ፣ ለዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ለምትሄድ አንዲት ነርስ ሰጠሁ። ከዚያ በየእሑዱ ሚስ ኤላ «መልስ መጣ?» ይሉኛል። ቅጠሉ ቀላ፣ ረገፈ። መልስ የለም። እናቴ አፍራብኝ ይሆን እያልኩ ከአገር ቤት የገባ ሰው በሰማሁ ቁጥር ቤቱ ድረስ እሄድ ነበር።

ካሴቱ የደረሰው ሚስ ኤላ ሊሄዱ አንድ እሑድ ብቻ ሲቀራቸው ነው። ጋሽ ደምሴ ቴፓቸውን አዋሱኝ። በዚያ እሑድ ጎማ መንፊያው ላይ አስቀመጥነውና ከፈትኩት። ንፋስ አለ፤ ከጎዳናው የከባድ መኪና ጩኸት ይመጣል። በዚያ መሐል የእናቴ ድምፅ፦

«ተሹዬ፣ አፈሩ ደረሰኝ። ግብጽ አይደለም ማለትህንም ሰማሁ። ታስሮ፣ ተሸጦ፣ አምልጦ መንገድ ላይ የሞተ ሰማዕት ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ጉልበቴን ቀባሁት። አልዋሽህም፣ አልተሻለኝም። ግን እነሱን ይዤ መቀመጥ አሳፈረኝና ቆሜ አስቀደስኩ።

«ያቺን ሕፃን ያለ ስም መተው ደስ አላለኝም። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ በጸሎትዎ ያስቧት አልኳቸው። የክርስትና ስሟስ አሉኝ። የላትም፣ ያውጡላት አልኳቸው። ያላጠመቅኳትን እንዴት አድርጌ ብለው ተቆጡ። እስክንድርያ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ አሁን ይወጡት አልኩና በራቸው ላይ ቁጭ አልኩ። ሲሰለቻቸው እሺ፣ አመተ ማርያም ትባል አሉ። አመት ማለት ገረድ ማለት አይደለም ወይ አልኳቸው። የእመቤታችን ገረድ መሆን ክብር ነው አሉኝ። ክብርስ ክብር ነው፤ እሷን ግን ገረድነቱ ይበቃታል፣ ልጅ ትባል አልኳቸው። ኋላ፣ ወለተ ማርቆስ አሉ። የማርቆስ ልጅ። ለሴትዮዋ ንገርልኝ።»

ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ ያን ቀን ተሰባበረብኝ። «አመት» ማለት የምታገለግል፣ የሰው የሆነች ማለት ነው፤ «ወለት» ማለት ግን ልጅ ናት። እናቴ ሁለተኛውን መረጠችላት አልኳቸው።

«እናትህ ራሷ?»

«ራሷ። ቄሱ በር ላይ ተቀምጣ።»

ሚስ ኤላ ከወንበሩ ተነሥተው እግራቸው ወደሚያውቀው ቦታ ሄዱ። «ወላታ ማርኮስ» አሉ ወደ መሬቱ። አረምኳቸው። እንደገና አሉት። አሁንም አልሆነም፤ ግን ማረም ተውኩ። በማግሥቱ ልጃቸው ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ሥራ ለውጬ ወደ አርሊንግተን እስክሄድ ድረስ በየእሑዱ እኔ ቆምኩ። ባርኔጣ ስላልነበረኝ ሰዎች አውቶቡስ የሚጠብቅ ሞኝ መሰልኳቸው፤ አንዱ «እዚህ አይቆምም» ብሎኛል።

ሳራ ጎማውን ነፍታ ስትመለስ «አሌክሳንድሪያ ውሰጂኝ» አልኳት። ማደያው ዛሬ የለም። ቦታው መቃብር መሆኑ ታውቆ ሣር ሆኗል፤ ስማቸው የተገኘ ሰዎች ስም ተቀርጾ ቆሟል። ሕፃኗን እንደማላገኛት እያወቅኩ በጣቴ እየተከተልኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እናቴ ዐርፋለች፤ የነፍስ አባቷም። ሚስ ኤላም መቼም ዐርፈዋል። ያንን ስም የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እኔ ደግሞ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን ሁሉ የማስፈትሽ ሰው ነኝ። ይህ ነው በጠዋት የሚያስነሣኝ ነገር።

ጎማ መንፊያው የነበረበት ቦታ መሰለኝና ጫማዬን አወለቅኩ።

«አባባ፣ ሹዝዎን ምን ሆነው ነው የሚያወልቁት?»

ነገርኳት፤ ከወንበሩ እስከ ካሴቱ። ጨርሼ በክብር ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ ብል ወገቤ እንቢ አለኝ፤ ለማውለቅ እንጂ ለማጥለቅ የሚሆን ጉልበት ከየት ይመጣል? ሳራ ሣሩ ላይ ተንበርክካ እግሬን ያዘች። ክሩን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «ወላታ ማርኮስ» አለች።

«ወለተ» አልኳት። «ልጅ ማለት ነው።»

«ወለተ» አለች።