በአሸተን ዋሻ የተለካው መስታወት

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሳ መስታወቱን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌው ነበር። ለላሊበላ ተማሪዎች ቴሌስኮፕ የሚሆን፣ ስምንት ወር በእጄ የሞረድኩት ጎድጓዳ መስታወት ነው። አለቃዬ “ጉድለቱ ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ሩብ ካለፈ ከውጭ እንገዛለን፤ ወርክሾፑም ይዘጋል” ብለውኛል። ጉድለቱን በብርሃን የሚለካው ኢንተርፌሮሜትር ንዝረት አይችልም፤ የእኛ ወርክሾፕ ደግሞ አስፋልት ዳር ስለሆነ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከአለት የተፈለፈለ ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

ወልድያ አደርኩ። በማግስቱ ጋሸና ላይ ትኩስ የገብስ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከዚያ እስከ ላሊበላ በየጉድጓዱ ነፍሴ ስትወጣ ስትገባ ዋለች።

ሐሙስ

በቅሎ በስምንት መቶ ብር ተከራይቼ አሸተን ማርያም ወጣሁ። የገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ አባ ወልዴ ባዶ የእህል ዋሻ ጠርገው ጠበቁኝ። መስታወቱንና መለኪያውን አስቀምጬ የመለኪያውን ባትሪ ከበቅሎዋ ላወርድ ወጣሁ። ተመልሼ የመለኪያውን ሌዘር ሳበራ ላፕቶፑ ላይ ቀይና ጥቁር መስመሮች ተሰለፉ። መስታወቱ ልክ ከሆነ ቀጥ ይላሉ። የእኔዎቹ እንደ ማጭድ ጎብጠዋል። ክው አልኩ።

“አባ፣ መስታወቱን የነካው ሰው አለ?”

“እኔ ነኝ ልጄ። አዲስ ዕቃ ጸበል ሳይረጭበት አይሆንም ብዬ ረጨት አደረግሁበት። ኋላም በነጠላዬ ጠረግሁት።”

ልስቅ ወይስ ላልቅስ? መሣሪያው ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ጉድለት ያያል። ቀዝቃዛው ውሃና የእጃቸው ሙቀት መስታወቱን ለጊዜው አጣመውታል።

“ምን ይሻላል?” አሉ ደንግጠው።

“ሙቀቱ እኩል ሆኖ እስኪያርፍ መጠበቅ ነው። ማንም አይግባ።”

አባ መቋሚያቸውን ይዘው የዋሻው ደፍ ላይ ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ፣ አበምኔቱን ሳይቀር፣ “መስታወቱ አላረፈም፤ ይቆዩ” እያሉ መለሱ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ገባሁ። መስመሮቹ እንደ ሸማኔ ድር ቀጥ ብለዋል! ጉድለቱ ከሞገዱ አንድ ስምንተኛ በታች ነው። እልልታዬን ዋሻው መለሰልኝ።

አባ አጎንብሰው አዩ። “ታዲያ ጸበሉ ሠርቷል በይኛ!”

መስታወቱን መልሼ በጋቢው ጠቀለልኩት።

አዲስ አበባ

መስታወቱ አሁን የሚቀረው እንዲያንጸባርቅ አሉሚኒየም መቀባት ብቻ ነው፤ ወርክሾፑም አልተዘጋም። እስከዚያ ጉዞ ድረስ መስታወቱ ከእጄ ሙቀት ሳይበርድ እየለካሁ የሚያልፈውን መኪና ብቻ ስረግም ኖሬአለሁ። ዛሬ አዲስ መስታወት አስቀምጬ በሩ ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ሊገቡ ሲሉ እጄን ዘረጋሁ።

“መስታወቱ አላረፈም፤ ይቆዩ።”